ለእሷ የተመረጠው ኮረብታ

አይናለም ጓንቱን የገዛችው ገና ስኪ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ የምትማርበት ቦታ ሳይመረጥ ነው። ወፍራም፣ ቀይ፣ ክርኗ ድረስ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ጓንት። ግሮቭፖርት ባለው በምትሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ በምሳ እረፍት ላይ ከቦርሳዋ አውጥታ አብራት ለምትሠራው ለፍርዶስ ስታሳያት ፍርዶስ አገላብጣ አየችውና፣ «በዚህ እንኳን ቦክስ ነው የምትጫወቺው» ብላ ሳቀችባት።

አይናለም አልተቀየመችም። በዚያ ሰሞን የሚያስቀይማት ነገር አልነበረም። ፍቅረኛዋ ዮአብ በየቀኑ የስኪ ቦታ ፎቶ ይልክላታል፤ ዛሬ ኮሎራዶ፣ ነገ ሚሺጋን፣ ከነገ ወዲያ ፔንሲልቫኒያ። «ይሄኛው ሰፊ ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው» ይላታል። «ያኛው ጥሩ አስተማሪዎች አሉት፣ ግን ሩቅ ነው። የእግርሽ ቁጥር ስንት ነበር? ቁርጭምጭሚትሽን አሞሽ ያውቃል?» ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ስለ ቁርጭምጭሚቷ የጠየቃት ሰው አልነበረምና ጥያቄው ሁሉ እንደ ፍቅር ቃል ይሰማት ነበር።

የተዋወቁት ባለፈው ኤፕሪል፣ የኮሮና ክትባት በሚሰጥበት አዳራሽ ነው። ዮአብ አማርኛ ለሚናገሩ ሰዎች ሊያስተረጉም በፈቃደኝነት ቆሞ ነበር። ስሟን በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አሳስቶ ጻፈ፤ ሦስቴም አሰረዘችው። በአራተኛው ቀና ብሎ አያት። ፊቱን ማስክ ሸፍኖት የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር። በቃት።

እሱ በሰባት ዓመቱ አሜሪካ የመጣ፣ ኮሌጅ ጨርሶ ፊዚካል ቴራፒስት የሆነ ሰው ነው። እናቱ እትዬ ወሰንየለሽ ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠሩ፣ በአማርኛ ቸርቻቸው ውስጥ ሲነሱ ሰው የሚነሳላቸው ሴት ናቸው። እህቱ ሳራ ፋርማሲስት ናት። አይናለም ደግሞ ኮምቦልቻ አራተኛ ክፍል ስታስተምር ቆይታ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ኢስትሙር ውስጥ ከፍርዶስ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርታ ትኖራለች። በሁለቱ ቤት መካከል ስላለው ርቀት ተነጋግረው አያውቁም። ዮአብ እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ እሷም እንደሌለ እንዲቆጥረው ፈቅዳለታለች።

ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ቴክስት መጣላት። «ቦታው ተመረጠ! ፌብሯሪ አሥራ ሁለት፣ ቅዳሜ። ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከምናምን ብንነዳ እንደርሳለን። ትንሽ ኮረብታ ናት፣ ግን ላንቺ የምትሆን ናት።»

ላንቺ የምትሆን። አይናለም ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። እዚያው መጋዘኑ ውስጥ፣ በካርቶን አቧራ መካከል ቆማ ብቻዋን ፈገግ አለች።

በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ እሷ ከቅዳሴ እነሱ ከቸርች ተመልሰው፣ ሬይኖልድስበርግ ሳራ ቤት ለምሳ ተገናኙ። ከዮአብ እናት ጋር አንድ ማዕድ ስትቀርብ የመጀመሪያዋ ነው። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች፤ ፀጉሯን ፍርዶስ ናት የሠራቻት። እትዬ ወሰንየለሽ ጉንጯን ሳሟትና ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አዩዋት። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ ሕመምተኛ ሲገባ ነርስ የምታየው ዓይነት ነበር።

ምግቡ ተነስቶ ሻይ ሲቀርብ ሳራ ስልኳን አወጣች።

«አይኒ፣ ለስኪ የተከራየነው የዘንድሮው ቤታችን ይሄ ነው። ኮሎራዶ። ፋየርፕሌሱን አየሽው? ከበሩ ወጣ ስትይ ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት እዚያው ነው። አንድ ክፍል ባዶ መቅረቱ ነው የሚያናድደኝ።»

«ለምን ባዶ ቀረ?» አለች አይናለም።

«የዮአብ ነዋ! በየዓመቱ አብሮን ይሄዳል፣ ዘንድሮ አልሄድም አለ። እኔ እኮ አይናለምንም ይዘሃት ና፣ ቦታ አለ ብዬው ነበር። እምቢ አለ። ‹እሷ ለዚያ ቦታ አትሆንም› አለኝ።»

ሳራ ክፋት አልነበራትም። በሦስት ዓመቷ አሜሪካ የገባች ልጅ ናት፤ የምትናገረው ቃል የት ላይ እንደሚወጋ አታውቅም። ማዕዱ ግን ጸጥ አለ። አይናለም ዮአብን አየችው። ዮአብ ጠረጴዛውን አየ።

ጸጥታውን ለማለስለስ ያሰቡት እትዬ ወሰንየለሽ ነበሩ።

«ልክ ነው ልጄ፣ አትቀየሚ። እዚያ የሚሄዱት የሳራ ባል የሥራ ጓደኞች ናቸው፣ ከልጅነታቸው የለመዱት ናቸው። ላንቺ ይሄ ቅርቡ ይሻልሻል። እግርሽ ቢሰበር እኮ እንጀራሽ በእግርሽ ነው።»

አይናለም ጠበቀች። ዮአብ አንድ ቃል እንዲናገር፣ «እማዬ፣ እንደሱ አይባልም» እንዲል ጠበቀች። የሻይ ብርጭቆውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው። መልሶ ወደ ግራ አመጣው።

ተነሳች።

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ስለ እግሬ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ለራሷም ገረማት። «እኔ በቀን አሥር ሰዓት ሙሉ ሠላሳ ጫማ ከፍታ ላይ፣ ማሽን ላይ፣ እንዳልወድቅ ሃርነስ ታጥቄ ነው ዕቃ የማወርደው። ከፍታ አልፈራም። መውደቅም አልፈራም። ማን እንደምሆንና የት እንደምሆን ግን እኔ በሌለሁበት ተወስኖ፣ በሻይ ሰዓት ሲነገረኝ አልወድም። ሳራ፣ ምግቡ ጣፋጭ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ዮአብ ካፖርት ሳይደርብ ተከትሏት ወጣ። ከቤቱ ፊት፣ ድራይቭዌዩ ላይ፣ መኪናዋ በር አጠገብ ደረሰባት።

«አይኒ፣ ስሚኝ። ሳራ እንዳለችው አይደለም። አማርኛዋን ታውቂው የለ…»

«የሳራን አማርኛ ተወው! ያንተ አማርኛ የት ሄዶ ነው? እናትህ እንጀራዬን ከእግሬ ጋር ሲቆጥሩልኝ ያንተ አማርኛ የት ነበር?»

«ደነገጥኩ…»

«አፈርክብኝ፣ አይደል? ለሰው ሁሉ ተራራ አለ፣ ለእኔ ግን ጓሮ ያለች ኮረብታ ትበቃኛለች። የሳራ ባል ጓደኞች ‹ምንድነው የምትሠሪው› ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልትላቸው ነው? መጋዘን እንዳትላቸው ጭንቅ ነው!»

«በአንቺ? እኔ በአንቺ ላፍር?»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ዮአብ እናቱ ወዳሉበት ቤት ዞሮ አየ። በዚያች ቅጽበት በዓይኑ ውስጥ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር አለፈ፤ መውጫ ያጣ ሰው አስተያየት። አይናለም እፍረት ነው ብላ ፈረደች።

በሩን ዘግታ ነዳች። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር፤ የመኪናዋን ማሞቂያ ሳትከፍት መምጣቷ ትዝ ያላት ቤቷ ስትደርስ ነው። መንገዱን ሁሉ ጉንጯ እንደ እሳት ሲነድ ነበር።

ሳምንት አለፈ። ኮል አደረገላት፣ አላነሳችም። ቴክስት ላከ፣ አላነበበችም። ፍርዶስ «እኔ ብሆን ስልኩን ብሎክ አደርገዋለሁ» ትላለች፤ ደግሞ ትንሽ ቆይታ «ዛሬስ አልደወለም?» ብላ ትጠይቃለች።

በዘጠነኛው ቀን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ተገኘ። ወረቀቱ ባለ መስመር፣ ጽሑፉ አማርኛ ነው። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ፣ ልክ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በጭንቀት የጻፋቸው ይመስላሉ። ዮአብ ፊደል የቆጠረው ቸርች ውስጥ፣ በልጅነቱ፣ በግድ ነው። አይናለም ደብዳቤውን ኩሽና ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አይናለም፣

በእንግሊዝኛ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ግን የተጣላነው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ልጻፍ። ለሳራ ያልኳት ‹ቦታው ለእሷ አይሆንም› ነው። አንቺ ለቦታው አትሆኚም አላልኩም። አላስበውምም።

ያንን ተራራ አውቀዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ አባቴ የሚሠራለት ሰውዬ ከቤተሰቡ ጋር ወሰደኝ። ስኪ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጁ በሊፍት ጫፍ ድረስ አወጣኝና ‹በል ውረድ› ብሎኝ ጥሎኝ ወረደ። አልቻልኩም። በረዶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመጨረሻ የነፍስ አድን ሠራተኞች መጥተው በቃሬዛ አስረው፣ እስከ አንገቴ ጠቅልለው እየጎተቱ አወረዱኝ። ታች ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ምንም አልተሰበረብኝም። ቢሰበርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ላንቺ ስመርጥ ያንን ቀን እያሰብኩ ነው የመረጥኩት። ሦስት ቅዳሜ ብቻዬን እዚያች ኮረብታ ሄጄ አይቻለሁ። ጀማሪ የሚማርበት ቦታ ፈጣኖቹ ከሚወርዱበት የተለየ ነው። ትዕግሥት ያላት አስተማሪ ማን እንደሆነች ጠይቄ ስሟን ይዣለሁ። ባንቺ ቁጥር ጫማ መኖሩን በእጄ ነክቼ አይቻለሁ። ስትወድቂ የሚስቅብሽ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ማዕድ ላይ ዝም ስላልኩት የምለው የለኝም። ቅዳሜ እዚያ እሆናለሁ። ባትመጪም እሆናለሁ።

ዮአብ»

አይናለም አለቀሰች። ጮክ ብላ ለፍርዶስ ስታነብላት ፍርዶስም ዓይኗን ጠረገች። ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ትንሽ ቆየች፤ እንደገና ከፈተችው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነበው ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ፍርዶስ፣ ይሄ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቁርጭምጭሚቴ ጠይቆኛል። አንድ ቀን ‹አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ› ብሎኝ ያውቃል?»

ፍርዶስ አሰበች። «የጫማ ቁጥርሽን ጠይቆሻል።»

«ሦስት ቅዳሜ ብቻውን ሄዷል! እኔ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጬ! ‹ነይ አብረን እንየው› ማለት ምን ይከብዳል? እንቁላል ነኝ? መውደቄም እኮ የራሴ ነው። ማን ጠብቅልኝ አለው?»

እያለቀሰችም እየተቆጣችም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም ለራሷም አልታወቃትም። ስልኳን አነሳችና ጻፈችለት፦ «ቅዳሜ እመጣለሁ። እናትህን ይዘህ ና። እሳቸው ካልመጡ እኔም አልመጣም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ግራጫ ነበር። ኮረብታዋ በእርግጥ ትንሽ ናት፤ ከመኪና ማቆሚያው ጫፏ ይታያል። ሕፃናት በደማቅ ልብስ ተጠቅልለው እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፤ አዛውንቶችም አሉ። አይናለም በራሷ መኪና ብቻዋን መጣች።

እትዬ ወሰንየለሽ የስኪ ጫማ ከሚከራይበት አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱ ዳር፣ ጥቁር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አይናለም ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታሳዪኝ እንደጠራሽኝ ግን አልገባኝም።»

«እኔም ገና አላወቅኩትም» አለች አይናለም። እውነቷን ነበር። የምታውቀው ያ የማዕዱ ጸጥታ የተወለደው እሳቸው ፊት መሆኑን ነው። ከሞተም እሳቸው ፊት ይሙት።

ነጭ ፀጉር ያላት አስተማሪ መጣችና ሁለቱን ሴቶች ሰላም አለች። አይናለም ጫማዋን አጠለቀች። ከባድ ነው፤ ቁርጭምጭሚት እንደ ብረት ይይዛል። ቀና ስትል ዮአብን አየችው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን መቆለፊያ ይታገላል። አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። በሥራው የሰውን ጉልበትና ትከሻ ሲያሻሽ የሚውለው፣ ሁልጊዜ እርጋታው የሚያስቀናት እጁ አንድ መቆለፊያ መዝጋት አቅቶታል። ከዚያ ቀና አለ፤ ያ ድራይቭዌዩ ላይ ያየችው አስተያየት እንደገና ዓይኑ ላይ ነበር።

አሁን አወቀችው። ፍርሃት ነው።

«ዮአብ» አለች ቀስ ብላ። «በቃሬዛ ካወረዱህ ወዲህ ስንት ጊዜ በስኪ ወርደሃል?»

ዮአብ ወደ መቆለፊያው ጎንበስ አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

«በየዓመቱ ኮሎራዶ ስትሄድስ?»

«ጉልበቴን አሞኛል እላቸዋለሁ። ቤት ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። ሳራ እንኳ አታውቅም።»

«ስለዚህ ለእኔ አይሆንም ያልከው ተራራ…»

«ለእኔ ነው የማይሆነው» አለ ዮአብ። «‹እፈራለሁ› ማለት አቃተኝ። ‹ለእሷ አይሆንም› ማለት ቀለለኝ።»

አይናለም ደሟ ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት።

«በእኔ ስም!» አለች። አስተማሪዋ ቋንቋው ባይገባትም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ፍርሃትህን በእኔ ስም አስመዘገብከው! እኔ ማዕድ ላይ እንደ ደካማ ስቆጠር፣ አንተ ደካማው ማን እንደሆነ እያወቅክ ሻይህን ጠጣህ! ብትነግረኝ እስቅብህ ነበር? እኔ? እጅህን ይዤ እዚሁ እቀመጥ ነበር እኮ፣ ዮአብ! ዕድሜ ልካችንን በረዶ ባንነካ ምን ቸገረኝ?»

እትዬ ወሰንየለሽ ከመቀመጫቸው ሆነው ሳቅ አሉ። የልማድ ሳቅ ነበር።

«ኧረ እናንተ ልጆች! ያ የድሮው ነገር ነው እንዲህ የሚያጣላችሁ? አይኒ፣ ብታዪው እኮ፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ብቻ…»

«በቃሽ፣ እማዬ!»

አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞሩ። ዮአብ ቆሟል። በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«አሥራ ሰባት ዓመት ነው ይህን ታሪክ የምታወሪው። በልደት ቀን፣ በሠርግ፣ ከጸሎት በኋላ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልቅሼ እንደተጠቀለልኩ ታመጪኛለሽ። አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ እቀመጣለሁ። አይናለምን ‹እንጀራሽ በእግርሽ ነው› ስትያት አፌን ያልከፈትኩት ወደ እኔ ዞረሽ እንዳትስቂ ፈርቼ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እማዬ! የእናቴን ሳቅ ፈርቼ የምወዳትን ሴት አሰደብኩ። ያልሽው ነውር ነበር። ያኔ ማለት ነበረብኝ። አሁን እያልኩሽ ነው።»

እትዬ ወሰንየለሽ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሳያደርጉ ፊታቸው አርጅቶ ታየ።

«ያን ቀን ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበርኩ» አሉ መነጽሩን በእጃቸው ይዘው። «ስልክ ተደወለ። ‹ልጅሽን በቃሬዛ ከተራራ አወረድነው› አለኝ ሰውዬው። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መልሰው እስኪደውሉ ሃያ ደቂቃ ሞተሃል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። እሱን ማውራት አልቻልኩም። የሚያስቀውን አወራሁ።»

ዮአብ ዓይኑ እንባ ሞላ። ግን አልተቀመጠም።

«እርስዎ እንዲቀልልዎት ሲስቁበት እሱ ነዋ ሲሸከመው የኖረው» አለች አይናለም።

እትዬ ወሰንየለሽ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ልጅ ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ነርስ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ተነሱና ወደ አይናለም መጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ የአይናለምን የግራ ጫማ መቆለፊያ በጣታቸው ፈተሹ።

«ይሄ ላልቷል» አሉ። ጠበቅ አድርገው ዘጉት። ቀና ሳይሉ፣ ወደ መሬት እያዩ፣ «የዚያን ቀን ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው የእሱንም ዘጉለት።

አይናለም ክንዳቸውን ይዛ አነሳቻቸው።

ውጭው ነጭ ነበር። አስተማሪዋ ትንሿን ተዳፋት አሳየቻቸው። አይናለም አሥር እርምጃ ያህል ተንሸራትታ በጎኗ ተዘረረች። ተነሳች። እንደገና ወደቀች። ዮአብ ከኋላዋ ቆሞ፣ ዱላዎቹን ጨብጦ፣ ቁልቁለቱን እንደ ገደል ያያል። ከታች ሆና ጠበቀችው። «ና» አላለችውም፤ «አይዞህ» አላለችውም። እሷ በንዴት ቆማ፣ እሱ በፍርሃት ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ወረደ። ጉልበቱ ተጣሞ፣ እጁ አየር እየቀዘፈ ወርዶ እግሯ ሥር ተደፋ። ፊቱ በረዶ ለብሶ ቀና አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ታርቀናል?» አላት ከመሬት።

«አልታረቅንም።»

«መቼ ነው የምንታረቀው?»

«እንጃ። ገና ብዙ ንዴት አለብኝ። ሁሉንም እስክነግርህ ትሰማኛለህ።»

«እሰማለሁ።»

«እናትህ ፊትም ቢሆን።»

«የትም ቢሆን።»

እጇን ዘረጋችለት። ሲነሳ ሚዛኑን አጥቶ ሁለቱም ሊወድቁ ተንገዳገዱ፤ ተደጋግፈው ቆሙ። ትንፋሹ ጉንጯ ላይ ሞቀ። ንዴቷ እዚያው ደረቷ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ አልቀነሰም። ንዴቷን ይዛም ግን እሱን መልቀቅ አልፈለገችም።